የአርብ ማታው የውሃ ወሬ

«ወረኢሉ ሌሊቱን በረዶ ሲያወርድ አደረ አሉ» አለች መቅደላዊት እርሳሷን እየቀረጸች። «አጎቴ መንገድ ላይ ተይዞ አደረ። ጎርፉ መኪና አላሳልፍ ብሎ።»

ጸደንያ የጀመረችውን የሒሳብ ጥያቄ ትታ ቀና አለች። «የትኛው ሌሊት?»

«ዛሬ ሌሊት ነዋ። ስንት ሌሊት አለ?»

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተናው ማጠናከሪያ ትምህርት ገብተዋል። ጸደንያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የመካነ ሰላም ሰማይ ጥርት ብሏል። ትናንትም ከትናንት በስቲያም አንድ ጠብታ አልጣለም። ይኼ ግን ለወለቃ ወንዝ ምኑም አይደለም። ወለቃ ውሃውን የሚያመጣው ከወረኢሉ በኩል ነው። እዚያ ሌሊት የዘነበው እዚህ ቆላው ውስጥ የሚደርሰው በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ተዘናግቶ ሳለ ነው። ደራሽ የሚሉት እሱን ነው።

አሁን ወንዙ መሃል ካለው ጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ ሰባት ሰዎች መንጠቆ ጥለው ተቀምጠዋል። አንዱ አባቷ ቢተው ነው። ሰባቱም የወረዱት የእሷን ቃል አምነው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ካቻምና ነው። መድኃኒት ቤት ያላቸው ጋሽ ኃይለኢየሱስ አስተማሪውንም የቢሮ ሠራተኛውንም ሰብስበው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ በመንጠቆ ማጥመድ አስለመዱ። ለመብል ብለው አይደለም፤ ለጨዋታ ነው። ይይዙታል፣ ይመዝኑታል፣ ፎቶ ያነሡታል፣ ትንንሹን መልሰው ይለቁታል። የሰፈር ሰው ይስቅባቸዋል። «እነዚህ ዓሣ አጥማጅ አይደሉም፣ ዓሣ ጠያቂ ናቸው። ሄደው ደኅንነቱን ጠይቀው ይመለሳሉ» ይላል። መንገዱን የሚመራቸው ቢተው ነው፤ ገደሉን እንደ ቤቱ ደጅ ያውቀዋልና።

የቴሌግራም ቡድናቸው ደግሞ አድጎ አድጎ ሦስት መቶ ሰው ሞላው። ከደጎሎ፣ ከወግዲ፣ ከደሴም ሳይቀር የገባበት አለ። አርብ ማታ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ጸደንያ የምትጽፈውን የውሃ ወሬ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ ስልክ የሰጧት ለዚሁ ነው፤ ለፈተናዋም የምታጠናው በሱ ነው። እንዲህ ትጽፋለች፦ «ውሃው ጥርት ብሏል። ምልክት ድንጋዩ እስከ ወገቡ ይታያል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት አምባዛና አምስት ነጭ ዓሣ ተይዟል። ትልቁ አምባዛ አራት ኪሎ ነው። ከሊጥ ይልቅ ትል ይሻላል። ከላይ ዝናብ የለም።»

ይህን ለመጻፍ ሁለት ነገር ማድረግ አለባት። አንደኛ፣ አርብ ከትምህርት በኋላ እስከ ገደሉ አፋፍ ሄዳ የውሃው ከፍታ የሚለካበትን ትልቁን ምልክት ድንጋይ በዓይኗ ማየት። ሁለተኛ፣ ወረኢሉ ለምትኖረው ለእናቷ ጓደኛ ለእትዬ ፋጢማ ደውላ፣ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ፣ ደመናውም እንዴት እንደዋለ መጠየቅ።

ትናንት ሁለቱንም አላደረገችም። የመቅደላዊት ልደት ነበር። ዳቦ ተቆረሰ፣ ሙዚቃ ተከፈተ፣ ሰዓቱ ሄደ። ቤት ስትገባ ያለፈውን ሳምንት ወሬ ገልብጣ ቀኑን ብቻ ቀይራ ላከችው። ሰማዩ ያው፣ ወንዙ ያው፤ ማን ያውቅብኛል ብላ።

አስተማሪውን አስፈቅዳ ወጣችና ከግቢው ግንብ ሥር ቆማ ደወለች። አባቷ ስልክ የለውም። የጋሽ ኃይለኢየሱስ ስልክ አይጠራም፤ ቆላው ውስጥ ኔትወርክ ገብቶ አያውቅም። እትዬ ፋጢማ ግን በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ።

«ወዬ ልጄ፣ ትናንት ምነው ጠፋሽ? እስከ መኝታ ድረስ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁሽ። ከሰዓት ጀምሮ ደመናው ጠቁሮ ነበር፤ ያንን ልነግርሽ። ሌሊት ወረደ ነው የምልሽ፤ የጎረቤቱን ቆርቆሮ በሳው። ሰዎቹ አልወረዱም አይደል?»

«ወርደዋል» አለች ጸደንያ።

«ያ አላህ። ሩጪ በይ። ከእኔ ጋር አታውሪ።»

መቅደላዊት ደብተሯን ይዛ ተከትላት ወጥታ ነበር። አልጠየቀቻትም። ሁለቱ እየሮጡ አደባባዩ ጋ ደረሱ። አህመዲን የሚባለው ባለባጃጅ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ሦስተኛ ሰው እስኪመጣ ጠብቁ» አለ።

«አባቴ ወንዝ ውስጥ ነው። ደራሽ እየመጣ ነው።»

አህመዲን ባጃጁን አስነሣና በጠጠሩ መንገድ ላይ እያንገጫገጨ ነዳው።

«ስሚ» አለች ትናንት እንዳልደወለች ከስልኩ ንግግር የገባት መቅደላዊት፣ የባጃጁን ብረት ጨብጣ፣ «ለምን ከላይ ዝናብ የለም አልሽ ካሉሽ ኔትወርክ አልሠራ ብሎኝ ነው በያቸው። ማን ያጣራል? የኔትወርኩ ስም እንደሆነ ድሮም ጠፍቷል።»

ጸደንያ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ነገሩ ከታወቀ ይሄ ስልክ እንደሚሄድ ታውቃለች። እሱ እንኳ ይሁን። አባቷ ግን የትም ቢቀመጥ «የኔ ልጅ ያላየችውን አትጽፍም» ይላል። ጠላ ቤት ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይላል። ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ይላል።

ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ወንዙ ድረስ በእግር ለመውረድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ደግሞ አልነበራቸውም።

አፋፉ ላይ የእማማ በዛች ቤት አለ። ቆላውና ደጋው የሚነጋገረው በእሳቸው ጉሮሮ ነው። ሰው ሞቶ መርዶ ሲነገር፣ በሬ ጠፍቶ ሲፈለግ፣ እማማ በዛች አፋፉ ላይ ቆመው ይጣራሉ። ገደሉ ወገብ ላይ ያለው ገበሬ አለኸኝ ይቀበላቸዋል። ከሱ በታች ደግሞ ወንዙ ዳር መስኖ የሚያጠጡት ይቀበሉታል። የጥሪ ሕጉ ጥብቅ ነው። የተባለው ቃል እንዳለ ይወርዳል፤ አይጨመርም፣ አይቀነስም፤ የተናጋሪውም ስም አብሮ ይወርዳል። ስም የሌለው ጥሪ እንደ ወፍ ጩኸት ነው፤ ማንም አይነሣለትም።

እማማ በዛች ሽንኩርት ሲኮተኩቱ አገኟቸው። ጸደንያ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረቻቸው። መኮትኮቻውን ጣል አድርገው፣ የማን ወሬ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ አፋፉ ላይ ቆሙ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«አለኸኝ ሆይ…! አለኸኝ…!»

«አቤት…!» አለ ከሥር።

«ሰዎቹ ከውሃው ይውጡ…! ደራሽ መጥቷል…!»

ቃሉ ከአለኸኝ አፍ ወደ ታች ሲሄድ ሰሙት። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸደንያ ወደ ታች አየች። ወንዙ ቀጭን ክር ሆኖ ያበራል። ቋጥኙ ጥፍር ያህላል፤ በላዩ ላይ ያሉት ሰዎች ነጠብጣብ ናቸው። ማንም አልተነሣም።

መልሱ ደረጃ በደረጃ ወጣ። «ቢተው እንዲህ ይላል…! ልጄ አይታ ጽፋለች…! ከላይ ዝናብ የለም ብላለች…! ይሄ ወሬ የማን ነው ይላል…!»

እማማ በዛች ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። «አያምኑም። ባለፈው ሳምንት ጎረምሶች ቦታውን ፈልገው በውሸት ደራሽ ብለው አስነሥተዋቸዋል። እሺ፣ የማን ወሬ ነው ልበል?»

«የፋጢማ ይበሏቸው። ከወረኢሉ።»

«አባትሽ ልጄ ፋጢማን ጠይቃ ነው የጻፈችው ቢለኝስ? ትናንት ዝናብ የለም ያለችው ፋጢማ፣ ዛሬ እንዴት አለ ትላለች?»

መቅደላዊት ወደ ጸደንያ ጆሮ ጠጋ ብላ «ኔትወርክ በይ፣ ቶሎ» አለቻት።

ኔትወርክ ብትል ደግሞ ይጠይቃሉ። አባቷ ነገር ሳያጣራ የሚነሣ ሰው አይደለም። ታዲያ ድንጋዩን አላየችም ወይ፣ ሰማዩንስ አላየችም ወይ ብሎ ያስጠይቃል። ጥያቄው እስኪወጣ፣ መልሱ እስኪወርድ፣ ውሃው አይጠብቅም። ከቋጥኙ የሚያስነሣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ከእሷ በቀር ሊናገረው የሚችል የለም።

«አላየሁም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ድንጋዩን አላየሁም። እትዬ ፋጢማንም አልጠየቅሁም። ያለፈውን ሳምንት ገልብጬ ነው የላክሁት።»

እማማ በዛች ዘወር ብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ቁጣም አልነበረበት አስተያየታቸው። «ልጄ፣ ይሄ ከአፌ ከወጣ አይመለስም። በስምሽ ነው የምጠራው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የገበያ ሰው መንገድ ሙሉ ነው። ቆላው ሁሉ ይሰማዋል።»

«በስሜ ይጥሩት» አለች ጸደንያ። «ቶሎ ይበሉልኝ።»

እማማ በዛች ደረታቸውን ሞሉ።

«ጸደንያ ቢተው እንዲህ ትላለች…! ድንጋዩን አላየሁም…! ፋጢማን አልጠየቅሁም…! ዋሽቼ ጻፍሁ…! አባቴ ከውሃው ውጣ…!»

አለኸኝ ተቀበለ። በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ እያንዳንዱን ቃል እያስረዘመ፣ እንዳይሳሳት እየተጠነቀቀ ደገመው። «ጸደንያ ቢተው… አላየሁም… ብላለች…!» አህያ የሚነዱ ገበያተኞች መንገድ ላይ ቆሙ። አንዷ ሴት ከአፏ ነጠላዋን አንሥታ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ሦስተኛው ድምፅ ከወንዙ ዳር ተሰማ፤ በጣም ስለራቀ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ ይሰማል። ጸደንያ ግን ምን እንደሚል ታውቃለች።

ነጠብጣቦቹ ተነሡ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች መቅደላዊት እየቆጠረች። ሰዎቹ ውሃውን እየረገጡ ወደ ዳር ሄዱ። «አራት፣ አምስት። አምስት። እስከ አምስት ነው።»

ሁለቱ ቀርተዋል። አንደኛው ቋጥኙ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ሌላኛው ከዳር ወደ እሱ ተመልሷል። የተመለሰው ማን እንደሆነ ጸደንያ በአረማመዱ አወቀችው። ነጠብጣብ ሆኖ እንኳ ወደ አንድ ጎን ዘንበል እያለ ይሄዳል፤ አባቷ ነው።

ከዚያ ሽታው መጣ። የጭቃ ሽታ፣ ያለ ዝናብ። ቀጥሎ ድምፁ፤ የተጫነ መኪና ዳገት ሲያያዘው እንደሚያጓራው ያለ። ከወንዙ መታጠፊያ ላይ ቡናማ ነገር ብቅ አለ። ዛፍ ከነሥሩ ይዟል። ጸደንያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትገልጠው ቋጥኙ አልነበረም። ወንዙ ከገደል እስከ ገደል ሞልቶ ይሄድ ነበር።

እማማ በዛች እጃቸውን ከጆሯቸው አላወረዱም። አህመዲን ባጃጁን ትቶ መጥቶ አጠገባቸው ቆሟል። ምን ያህል እንደቆዩ ጸደንያ አታውቅም። ከሥር ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ዜማው፣ ከዚያ የአለኸኝ ወፍራም ጉሮሮ።

«ሰባት…! ሰባትም ወጥተዋል…! ሰው አልጎደለም…!»

ጸደንያ ባለችበት ቁጭ አለች። መቅደላዊት አንገቷን አቀፈቻትና አለቀሰች፤ እሷ ራሷ ግን አላለቀሰችም። ደረቷ ላይ የተጫነ ትልቅ ጆንያ የወረደ ያህል ነበር፤ አየሩ ዝም ብሎ ይገባላት ጀመር።

«አብሽሪ» አሉ እማማ በዛች ጭንቅላቷን እየዳበሱ። «አብሽሪ ልጄ፣ አለፈ።»

አለኸኝ አላበቃም ነበር። «ለጸደንያ መልእክት አለ…! ከአባቷ…!»

«ተቀብያለሁ…!» አሉ እማማ በዛች።

«ቁርስ በልታለች ወይ ይላል…!»

አህመዲን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እማማ በዛችም ሳቁ፣ መቅደላዊትም በእንባዋ መሃል ሳቀች። ጸደንያ አልበላችም ነበር። በላሁ ይበሉት ልትል አሰበችና ተወችው። «አልበላሁም ይበሉት» አለች። ቃሉም በሦስት አፍ እስከ ወንዙ ወረደ።

ሰዎቹ ዳገቱን ጨርሰው አፋፉ ላይ ሲደርሱ ቀትር አልፏል። እስከ ደረታቸው ጭቃ ናቸው። የእማማ በዛች ደጅ ላይ ተዘረሩና ውሃ ጠጡ። ጋሽ ኃይለኢየሱስ ባርኔጣቸውም የመንጠቆ ዘንጋቸውም የለም።

«አምባዛ ነበር» አሉ ለሁሉም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «አምስት ኪሎ ይሆናል። መንጠቆው ላይ ነበረ እኮ። ቢተው ክሩን በጥርሱ በጠሰብኝ።»

«እርስዎ ሰባ ኪሎ ነዎት» አለ ቢተው። «ሁለታችሁንም አንድ ላይ መሸከም አልቻልኩም።»

ሰዎቹ ከልባቸው ሳቁ። ከሞት አፍ የወጣ ሰው በትንሹም ይስቃል።

ቢተው ከልጁ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። ጫማውን አውልቆ ጭቃውን አራገፈ።

«ሰማሁት» አለ። «አለኸኝ ደግሞ ሲያስረዝመው ታውቂው የለ። አላየሁም የምትለዋን ሁለት ጊዜ አላት።»

«ተቆጣህ?»

«ተቆጥቻለሁ። መጀመሪያ ግን ልረፍ።» ከኪሱ እርጥብ የሆነ የተቆላ ሽምብራ አውጥቶ እጇ ላይ ዘረገፈው። «ብዪ። ጭቃ ነክቶታል፣ ምንም አይልሽ።»

በላችው። አሸዋ አሸዋ ይላል። እየበላች ሳለ ጋሽ ኃይለኢየሱስ መጥተው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጸደንያ፣ አውጥተሽናል፤ ይሄን አልረሳውም። ያጠፋሽውን ደግሞ በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ግን አንድ ነገር አለ። ቡድኑ እየጠየቀ ነው፤ አፋፉ ላይ ስደርስ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። የደሴዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ሊመጡ ነው፤ ወሬያችን አይታመንም ካሉ ይቀራሉ። ስለዚህ ትናንት ኔትወርክ ተቋርጦ የቆየ ወሬ ነው የተላከው ብለሽ ጻፊ። እኛ ሰባታችንም እንዲያ እንላለን። በቃ፣ ያልቃል።»

መቅደላዊት ከወዲያ ሆና ዓይኗን ጣለችባት፤ አላልኩሽም ዓይነት። ቢተው ግን ማንንም አላየም፤ ያወለቀውን ጫማ ክር ይጨምቃል።

ጸደንያ ሽምብራውን ጨርሳ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ስልኩን ከፈተችው። ሦስት መቶ ሰው አለ ውስጡ። የጥሪው ድምፅ እነሱ ዘንድ አልደረሰም፤ ደጎሎ አልደረሰም፣ ወግዲ አልደረሰም፣ ደሴም አልደረሰም።

«የአርቡን ወሬ አይቼ አይደለም የጻፍሁት» ብላ ጻፈች። «ያለፈውን ሳምንት ገልብጬ ነው። ደራሽ መጥቶ ነበር። ሰባቱም ሰዎች ደኅና ናቸው።» ላከችውና ስልኩን ለጋሽ ኃይለኢየሱስ ዘረጋችላቸው።

እሳቸው አነበቡት። ስልኩን አልተቀበሏትም፤ መልሰሽ ያዢውም አላሉም። እጃቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፈቀፈቁ ቆዩ።

«የዛሬውንስ ውሃ ማን ይጽፈዋል?» አሉ በኋላ።

ጸደንያ ተነሥታ ወደ አፋፉ ሄደች። በሆዷ ተኛችና ጭንቅላቷን ብቻ አወጣች። አባቷ ከኋላ መጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ያዘላት። ከሥር ወንዙ አሁንም ቡናማ ነው፤ ምልክት ድንጋዩ የለም። እስኪወጣ ድረስ እዚያው ልትጠብቀው ተመቻቸች።